የሰማዩ አለትና የእማማ የቁም ተዝካር

በደርግ ዘመን ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ልጅ ያልወለዱ አንዲት ባልቴት ቤት ደባል ሆኜ እኖር ነበር። እማማ እላቸዋለሁ፤ ስማቸውን አልጽፍም። ጤነኛ ነበሩ፤ ጥርሳቸው ሙሉ ነው፤ የገበያውን ዳገት ከእኔ ቀድመው ይወጡታል። ግን አንድ ጭንቀት ነበረባቸው፤ ጠዋት ሲነሡም ማታ ሲተኙም የሚያወሩት እሱን ነው። ሲሞቱ ስማቸውን የሚያስጠራ ሰው አለመኖሩ።

"ባል ሞቷል፣ ወንድም ሞቷል፣ ልጅ የለ። በአርባዬ ማን ደግሶ ማን ስሜን ያስጠራል? ቀብረውኝ ወደየሥራቸው ይሄዳሉ፤ አለቀ" ይላሉ።

መድኃኒቱን ያውቁታል፤ የቁም ተዝካር ነው። በአገራችን ልጅ የሌለው ሰው፣ ከሞተ በኋላ ሌላ ሊደግስለት የሚገባውን ተዝካር በሕይወቱ ራሱ ይደግሳል። ካህናቱ የክርስትና ስሙን ጠርተው ይጸልዩለታል፤ ጎረቤት በልቶ ጠጥቶ ይመርቀዋል፤ ባለቤቱም መሐል ተቀምጦ ሁሉንም ያያል። ከዚያ ወዲያ ሞት ቢመጣ የቀረ ሥራ የለም። እማማ ለዚህ የሚሆን ገብስና ጌሾ ካዘጋጁ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሁለት በግም አስረው ይቀልባሉ። የጎደላቸው የቀበሌ ፈቃድ ብቻ ነበር።

እኔ ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ሶቪየት ኅብረት ሄጄ ስለ ከርሰ ምድር ውኃ ተምሬ፣ ሩስኛና አንድ ወፍራም ካፖርት ይዤ ተመልሼ፣ በአውራጃው ቢሮ የውኃ ባለሙያ ተብዬ ተቀምጫለሁ። ሃይማኖትን ጥዬው ያለፍሁ ይመስለኝ ነበር። የክርስትና ስሜን እንኳ ረስቼዋለሁ፤ መርሳቴንም ከዲግሪዬ ጋር አብሬ እቆጥረው ነበር። እማማን መተረብ የዕለት ሥራዬ ነው።

"እማማ፣ ከሞቱ በኋላ ስምዎን ቢጠሩት አይሰሙ፤ ምን ይጠቅምዎታል?"

"አንተ ነገ ትወልዳለህ፤ ለዚህ ነው የምትስቀው" አሉኝ አንድ ቀን፣ ከሚለቅሙት ምስር ላይ ቀና ሳይሉ። "ሳቅ ግዴለም።"

እናቴ አንድ ጊዜ ከገጠር መጥታ ሁለት ሳምንት ስትሰነብት፣ ሁለቱ ተዋደው ከሰዓቱን ሁሉ አብረው ምስር ሲለቅሙ ይውሉ ነበር። እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። አለማግባቴን እያሙ ነው ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተኮሳትሬ ከረምሁ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያለበት በሽታ አንድ ነው፤ ከበላይ በጽሑፍ ያልመጣ ነገር ያስፈራዋል። ሽጉጥ ይታጠቃል፤ ሽጉጡንም ራሱ የሚፈራው ይመስለኛል፤ ሲቀመጥ ወደ ሌላ ሰው ዞሮ እንዳይቀር እያለ በእጁ ይደባብሰዋል። እማማ ሦስት ጊዜ ማመልከቻ ወሰዱለት። ሦስቱንም የጻፍሁላቸው እኔ ነኝ፤ በሦስተኛው ቀን አብሬያቸው ሄጄ ነበር።

"እማማ፣ ድግስ እንዲቀንስ መመሪያ አለ" አላቸው፣ ወረቀቱን እያሳየ። "ይኸውልዎ፤ 'ኋላ ቀር ልማዶች' ይላል።"

"የቁም ተዝካር ይላል?"

"አይልም። ይፈቀዳልም አይልም።"

"አንተ፣ ያኔ በኔ ግቢ አፈር ስትበላ አፍህን ያጠብሁህ እኔ አይደለሁም?"

"ነዎት እማማ" አለ ሊቀመንበሩ። "በእሱ ላይ መመሪያ የለም።"

እማማ ተነሥተው ወጡ። ዳገቱን ጥለውኝ ሄዱ።

ቀጥሎ በመጣው መስከረም ላይ ከሶቪየት ኅብረት አንድ ሽማግሌ ሳይንቲስት መጡ። ሥራቸው ከምድር የሚፈልቅ ሙቅ ውኃ ማጥናት ነው። የወንዛዬን ፍል ውኃ እንዲለኩ ነበር የተላኩት፤ እኔ ደግሞ አስተርጓሚያቸው ሆንሁ። ቢሮው የእንግዳ ማረፊያ ስላልነበረው፣ ቀበሌው በጽሑፍ ፈቅዶ፣ እማማ ቤት ባዶ በነበረው ክፍል ገቡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ ጉልበታቸው የሚንቋቋ ሰው ናቸው። እማማ በመጀመሪያው ቀን የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ልጅ አለው?"

"የላቸውም። ሚስታቸውም ሞተዋል።"

ከንፈራቸውን መጠጡና የራሳቸውን ፍራሽ አውጥተው ሰጧቸው። እኔ ሁለት ዓመት ስኖር ያን ፍራሽ በዓይኔም አላየሁት።

በየሳምንቱ በሩሲያ ጂፕ ወደ ወንዛዬ እንወርዳለን። ሽማግሌው ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው ውኃው ውስጥ ይገባሉ፤ ሙቀቱን በቴርሞሜትር ይለካሉ፤ በጠርሙስ ይቀዳሉ፤ ይጽፋሉ። ለመታጠብ የመጣው በሽተኛ ሁሉ ዳር ቆሞ ያያቸዋል። እኔ ሳይንቲስት መሆናቸውን፣ ለጥናት መምጣታቸውን አስረዳለሁ። ሰዉ ራሱን ይነቀንቅልኛል፤ ከዚያ እንደገና ያዝንላቸዋል። ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲገባ "ይህን ያህል ተመላልሶ ያልዳነ ሰው አላየንም" ይባል ጀመር። አንዲት ሴትዮ በላስቲክ ቋጥረው ቆሎ አመጡላቸው። ወገቡን ታሞ በቃሬዛ የመጣና አሁን በእግሩ የሚሄድ አንድ ገበሬ ደግሞ ወደ ጎን ወስዶ መከረኝ።

"ንገራቸው እንጂ። እምነት ከሌለ እኮ ውኃ ብቻ ነው።"

ተረጎምሁላቸው። ሽማግሌው ጠርሙሳቸውን ወደ ፀሐይ አንሥተው አዩት።

"ልክ ነው በለው" አሉኝ። "እኔም እስካሁን ያገኘሁት ውኃ ብቻ ነው።"

ጥር ላይ አንድ ደብዳቤ መጣላቸው። በኤምባሲው በኩል ሁለት ወር ተጉዞ፣ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ሁለት ጊዜ ተለጥፎ ነው የደረሰው። ሽማግሌው ግቢው ውስጥ ቆመው አነበቡት፤ ከዚያ የእማማ ገብስ የታጨቀበት ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸው ቀልቷል። እማማ ከጓዳ ብቅ አሉ።

"ማን ሞተበት?"

ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው እንደ ሙሽራ አፈሩ። ዱሮ ያስተማሩት አንድ ልጅ አድጎ የሰማይ ተመራማሪ ሆኗል። በሩቅ ማያ መነጽሩ አንድ አዲስ አስትሮይድ አግኝቶ፣ በመምህሩ ስም እንዲጠራ ጠይቆ፣ ተፈቅዶለታል። ወረቀቱ ላይ አንድ ቁጥር አለ፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ የሽማግሌው የቤተሰብ ስም ተጽፏል።

"ማንም አልሞተም" አልኋቸው እማማን። "ሰማይ ላይ አንድ አለት በስማቸው ተሰየመላቸው።"

"ምን አለት?"

ሽማግሌው ጥያቄው ሲተረጎምላቸው መምህርነታቸው ተነሣባቸው። ከጓዳ ድንች አስመጡ። መሐል ላይ ድስት ደፉ፤ ይህ ፀሐይ ነው አሉ። ድንቾቹን በየርቀታቸው አስቀመጡ፤ ይህች ምድር ናት፣ ይህች ማርስ ናት። ራቅ አድርገው ዱባ አስቀመጡ፤ ይህ ጁፒተር ነው። ከዚያ ከተቀመጡበት ጆንያ አንድ እፍኝ ገብስ ዘግነው በማርስና በጁፒተር መካከል ዙሪያውን በተኑት። እነዚህ ሁሉ ፀሐይን የሚዞሩ አለቶች ናቸው አሉ፤ ብዙ ናቸው፣ ከእነሱ አንዷ የእኔ ናት።

እኔ ተርጉሜ ሳልጨርስ የእማማ ዶሮ ከአጥሩ ሥር መጥታ አስትሮይዶቹን መልቀም ጀመረች። ሽማግሌው እጃቸውን እያርገበገቡ አባረሯት፤ ከዱባው ወዲያ ዞራ በሌላው በኩል ቀጠለች።

እማማ ስለ ገብሱ አልተቆጡም፤ ይህ ነው ያስደነገጠኝ። ገብሱ የተዝካር ገብስ ነው። እሳቸው ግን ወገባቸውን ይዘው መሬቱን ያያሉ።

"ምን ያህላል?" አሉኝ።

"የጉናን ተራራ ያህላል ይላሉ፤ ወይም ትንሽ ያንሳል።"

"ጉናን ያህላል። ሣር አለው?"

"የለውም።"

"ውኃስ?"

"የለውም እማማ።"

"ከዚህ ሁነው ይታያል?"

"አይታይም። በትልቅ መነጽር ካልሆነ አይታይም።"

"ታዲያ ምኑን ነው የሰጡት?"

"ስሙን ነው። ስማቸው እንዳይረሳ ነው። ሳይንቲስቶች ያን አለት ባነሡ ቁጥር የእሳቸውን ስም ይጠራሉ።"

እማማ ዓይናቸውን ከመሬቱ አንሥተው እኔን አዩ። ከዚያ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ።

"ሰውየው አልሞተም።"

"አልሞቱም።"

"ልጅ የለውም።"

"የላቸውም።"

"ሳይሞት፣ በቁሙ፣ ስሙ ለዘላለም እንዲጠራለት አደረጉ።"

"እ... አዎ።"

"እንግዲያ የቁም ተዝካር ነው።"

"አይደለም እማማ፤ ሳይንስ ነው።"

"ስሙ ይጠራል አይጠራም?"

"ይጠራል።"

"በቃ" አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው በሩን ከፍተው ወጡ። ወዴት እንደሚሄዱ መገመት ነበረብኝ፤ አልገመትሁም። ሽማግሌው ምን እንደተባለ ጠየቁኝ። የቁም ተዝካር ምን እንደሆነ ነገርኋቸው። መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ድንቾቹን አንድ በአንድ እየለቀሙ "አስተዋይ ሴት ናቸው" አሉ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ መጣና ሊቀመንበሩ ይፈልግሃል አለኝ። በዚያን ጊዜ ይህ አረፍተ ነገር ምን እንደሚያደርግ የኖረበት ያውቀዋል። የጫማዬን ማሰሪያ በቅጡ ሳላስር ደረስሁ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ እማማ አግዳሚው ላይ።

"ጓድ" አለኝ ሊቀመንበሩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሶቪየት ኅብረት የቁም ተዝካር ጀምራለች የሚሉት እውነት ነው?"

ማስረዳት ጀመርሁ። ስለ አስትሮይድ፣ ስለ ስም አወጣጥ፣ ስለ ማርስና ጁፒተር አወራሁ። ሊቀመንበሩ በግራ መጋባት አየኝና ደብዳቤውን ሰው ልኮ ከሽማግሌው አስመጣ። ወረቀትና ብዕር ገፋልኝ።

"ትርጉሙን ጻፍና ፈርምበት።"

ይህን ጊዜ ነው እማማን ያየኋቸው። እሳቸው እኔን አያዩም። የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ይጠመዝዛሉ፤ ጣታቸውም ይንቀጠቀጣል። ዳገቱን እየሮጡ የሚወጡ ሴት ናቸው፤ ሊቀመንበሩን አንተ አፈር በላተኛ የሚሉ ሴት ናቸው፤ ሲንቀጠቀጡ አይቼ አላውቅም። ሁለት ዓመት የሳቅሁበት ነገር ለካ ፍርሃት ነበር። አፈርሁ። ፊቴ እስኪቃጠል አፈርሁ።

እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፤ "ሳይንቲስቱ በሕይወት እያሉ ስማቸው ለዘላለም ሲታወስ እንዲኖር በሶቪየት ኅብረት የቁም መታሰቢያ ተደርጎላቸዋል።" ቃል በቃል ብትመረምሩት ውሸት አይወጣለትም። እውነት ነው ብዬ ግን አልምልም።

ሊቀመንበሩ ሦስት ጊዜ አነበበው። ግንባሩ አላበው።

"ታዲያ ለእኛ መመሪያው ለምን አልደረሰንም?"

"መንገድ ላይ ይሆናል" አልሁት። "ደብዳቤው ራሱ ሁለት ወር ፈጅቶበታል።"

ይህ ገባው። መመሪያ ሳይደርስ መቅረት ያስፈራዋል፤ መመሪያው የደረሰ ቀን ወደ ኋላ ቀርቶ መገኘት ግን ከዚያም ይብስበታል። ካርቦን ወረቀቶቹን ደርድሮ የፈቃዱን ደብዳቤ በእጁ ጻፈ። "በወዳጁ ሶሻሊስት አገር በተጀመረው የቁም መታሰቢያ አሠራር መሠረት" ይላል መግቢያው። አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ፤ የጓድ ሳይንቲስቱም መታሰቢያ አብሮ እንዲደረግ።

"ይካፈል" አሉ እማማ። "ልጅ የለውም።"

ደብዳቤው በሦስት ኮፒ ወጣ። አንዱ ለእማማ፣ አንዱ ለፋይል፣ አንዱ ለአውራጃው። ያ ሦስተኛው ኮፒ እስከ ድግሱ ቀን ድረስ እንቅልፍ ነሣኝ።

ድግሱ ግቢው ውስጥ በተጣለ ዳስ ሆነ። በቀኝ በኩል የእማማ የንስሐ አባትና ካህናቱ ተቀመጡ። በግራ በኩል ሊቀመንበሩ ቀይ ጨርቅ ሰቅሎ ከኮሚቴው ጋር ተቀመጠ። መሐል ላይ ሁለት ወንበር ወጣ፤ በአንዱ እማማ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ በሌላው ሽማግሌው ከረባት አስረው።

"እኔ ምን ላድርግ?" አሉኝ በሩስኛ።

"ዝም ብለው ሞተው ይቀመጡ" አልኋቸው።

እሳቸው ይህን በደንብ አደረጉት። እማማ ግን መሞት አልቻሉበትም። ከወንበራቸው ሆነው ወጥ ያዛሉ፤ ጠላ ያልደረሰው ሰው በጣታቸው ያሳያሉ፤ እንስራው ጎደለ አልጎደለም ብለው ሁለት ጊዜ ተነሥተው ሄደው አዩ። አንዲት ጎረቤታቸው ተነሥተው ደግነታቸውን እየዘረዘሩ ማልቀስ ሲጀምሩ፣ እማማ በጥሞና ሰሟቸው።

"አጥሬን ያፈረስሽውን ግን አላነሣሽም" አሏቸው ሲጨርሱ።

ሊቀመንበሩ ንግግር አደረገ። የጓድ ሳይንቲስቱ አለት በሰማይ ላይ ያለ ማቋረጥ ወደፊት እየገሰገሰ መሆኑን ገለጸ። ይዞር እንጂ ወደፊት እንደማይሄድ ልነግረው አስቤ ተውሁት።

እኔ ጥግ ይዤ እበላለሁ። እማማ ራሳቸው ሳህን ይዘው መጡ። በላሁ። ሁለተኛ ይዘው መጡ፤ እሱንም በላሁ። ሦስተኛ ሲያመጡ እጄን ሆዴ ላይ አደረግሁ።

"በቃኝ እማማ፤ እፈነዳለሁ።"

"ሌላው ቢቀር ግድ የለኝም" አሉ። "አንተ ዛሬ ሳትጠግብ ብትነሣ ግን አዝንብሃለሁ።"

ፊታቸው የቀልድ አልነበረም። ቀበቶዬን አላላሁና እያጉረመረምሁ ሦስተኛውን ጀመርሁ። ግማሹ ላይ ስደርስ ዳሱ ጸጥ አለ። ቀና ስል ጥቁር መነጽር ያደረገ አንድ ካድሬ ከአውራጃ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል፤ በእጁ ያንን ሦስተኛ ኮፒ ይዟል።

 ካድሬው ማንንም ሰላም ሳይል ወደ ሽማግሌው ሄደ፤ እኔን በጣቱ ጠራኝ።

"ጠይቃቸው" አለኝ። "በሶቪየት ኅብረት የቁም መታሰቢያ የሚባል አሠራር አለ ወይ?"

ለሽማግሌው ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኋቸው፤ የጻፍሁትን፣ የፈረምሁትን፣ አሁን የምታሰረው እኔ መሆኔን። ሽማግሌው ከአፋቸው የዶሮ አጥንት አውጥተው ካድሬውን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ረጋ ብለው መለሱ። ቃል በቃሉ ይህ ነው፤ "ለዚህ ልጅ እንዲህ በለው፤ እኔ ሦስት ጦር ሜዳ አይቻለሁ፣ ጥርሴ ያለቀ ሽማግሌ ነኝ፣ ከሚስቴ ሞት ወዲህ እንዲህ ያለ ምግብ አልቀመስሁም። ይህን ወጥ እስክጨርስ ስለ ሶቪየት ኅብረት ጥያቄ የሚጠይቀኝን ሰው አልወደውም።"

"ምን አሉ?" አለ ካድሬው።

"አለ ብለዋል" አልሁት።

"ይህን ሁሉ ተናግረው?"

"በዝርዝር ነው ያስረዱት።"

ካድሬው ኮፒውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። እማማ እጁን ያዙና አስቀመጡት፤ ማምለጥ የሚችል ሰው አልነበረም። አራት ጣሳ ጠላ ጠጥቶ፣ ሥነ ሥርዓቱ በአግባቡ መከናወኑን ተናግሮ ሄደ። ሊቀመንበሩም ሊሸኘው ተከትሎት ወጣ፤ እኔም ወደ ጥጌ ተመልሼ የቀረውን ሳህኔን ጠርጌ በላሁ።

ለጸሎቱ የቀሩት ካህናቱና ጎረቤቱ ናቸው። የንስሐ አባታቸው ትንሿን ደብተራቸውን አውጥተው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

"የእንግዳው የክርስትና ስማቸው ማነው?"

"አባ፣ ኮሚኒስት ናቸው፤ የላቸውም።"

"አንተን አልጠየቅሁም። እሳቸውን ጠይቅልኝ።"

ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው ወደ በሩ አዩ። ሊቀመንበሩ አልተመለሰም። የከረባታቸውን ቋጠሮ ነካኩ፤ ሴት አያታቸው በልጅነታቸው ከሰው ደብቀው እንዳስጠመቋቸው በሹክሹክታ ነገሩኝ። ስሙን ግን ለእኔ አልነገሩኝም። እኔ የመንግሥት አስተርጓሚ ነኝ። ወደ እማማ ተጠጉና በጆሯቸው ተናገሩት። ስም ትርጉም አያስፈልገውም። እማማ ደግሞ ወደ አባ ጆሮ ጎንበስ ብለው ተናገሩ፤ ብዙ ቆዩ። ሁለት ስም ለመናገር ይህን ያህል ምን እንደሚያስፈልግ ገረመኝ፤ እማማ ግን በአጭሩ መናገር ተፈጥሯቸው አይደለም። አባ እየጻፉ ቀና ብለው አዩኝ። ቀበቶዬ መላላቱን አይተው ነው ብዬ ቶሎ አጠበቅሁት።

ሽማግሌው ክረምት ሲገባ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሲሰናበቱ አለታቸው ፀሐይን አንዴ ለመዞር ከአራት ዓመት በላይ እንደሚፈጅበት ለእማማ ነገሯቸው። "ቀርፋፋ ነው፤ እንደ ባለቤቱ" አሉ እማማ፣ እያለቀሱ። የወንዛዬን ውኃ የለኩበትን ቴርሞሜትር ትተውላቸው ሄዱ። እማማ ጓዳ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፤ ጠላ ሲጠምቁ አንድ ጊዜ አየት ያደርጉታል፤ ምን እንደሚያዩበት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ስለ መሞት አንድም ቀን አላወሩም። አለቱ አንድ ጊዜ ዞሮ ሁለተኛውን ዙር ሲጀምር፣ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በእንቅልፋቸው ሞቱ። እኔ እንደ ልጅ አለቀስሁ፤ የሰፈሩ ሰው ዘመድ መስዬው አጽናናኝ። በአርባቸው ቀን ማንም አልደገሰም፤ ተዝካራቸው በቁማቸው ተበልቷላ።

አሁን እኔ በዚያን ጊዜ እሳቸው ከነበሩበት ዕድሜ አልፌያለሁ። ትወልዳለህ ብለውኝ ነበር፤ በዚህ ብቻ ተሳሳቱ። አላገባሁም፣ አልወለድሁም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንዳንድ ቀን ከሰዓት፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ ያ የእማማ ወሬ በራሴ ድምፅ ይሰማኝ ጀመር። በአርባዬ ማን ስሜን ያስጠራል? ማንም አይስቅብኝም፤ የሚስቅብኝ ደባል እንኳ የለኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ጌሾ ገዛሁ። ሰኞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። የእማማ የንስሐ አባት ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጃቸው በአባታቸው እግር ተተክተው ያገለግላሉ። የቁም ተዝካር መደገስ እፈልጋለሁ አልኋቸው።

"መልካም። የክርስትና ስምዎን ይንገሩኝ" አሉኝ።

የፈራሁት እሱን ነበር። "አላውቀውም" አልሁ። እናቴ ሞታለች፤ የክርስትና አባቴም ሞተዋል፤ የሚያውቅ ሰው የለም። በሃያ ሰባት ዓመቴ የተኩራራሁበት ነገር በዚህ ዕድሜ አንገቴን አስደፋኝ። ቄሱ አሰብ አድርገው በወጣትነቴ የት እኖር እንደነበር ጠየቁኝ። የማን ደባል እንደነበርሁ ነገርኋቸው።

ተነሥተው ገቡና የአባታቸውን ትንሿን ደብተር ይዘው ወጡ። አንድ ገጽ ላይ ሦስት ስም ተጽፏል። የመጀመሪያውን አነበቡልኝ፤ የእማማ የክርስትና ስም ነው። ሁለተኛውን በአውራ ጣታቸው ሸፈኑት፤ ይህ አደራ ነው አሉ። ሦስተኛው ሥር በቅንፍ "ደባሉ" ይላል።

ስሙን አነበቡልኝ። እናቴ በልጅነቴ በዚያ ስም ስትጠራኝ የነበረው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ተነሣ። ለካ በእነዚያ የምስር ለቀማ ሳምንታት የሚያወሩት ይህንን ነበር። እናቴ ልትነግረኝ ብትሞክር እስቅባት ነበር፤ ለእማማ ነገረቻቸው።

"ታዲያ የእርስዎ ተዝካር እኮ ተበልቷል" አሉ ቄሱ። "አባቴ በየዓመቱ ሦስታችሁን አብረው ይጠሩ ነበር። እኔም እጠራለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ሞተው ነበር የመሰለኝ።"

ወደ ቤቴ ስመለስ ያ ሦስተኛው ሳህን ትዝ አለኝ። የራሴን ተዝካር ነበር እያጉረመረምሁ የበላሁት። አንድም ፍርፋሪ አላስተረፍሁም፤ ይህን በማድረጌ ብቻ ደስ ይለኛል።